ዓላማና ሹመት

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሳምንት የማጫውትህ ነገር ከታላላቅ መጻሕፍት የተለቀመ አይደለም። ከአንድ ተማሪዬ አፍ የወጣ ጥያቄ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱን ሳስብ ግን እኔ አስተማሪው ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የምኖረው በዘመሮ ነው። ዘመሮን የማታውቃት እንደ ሆነ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት፣ ሰው ባናውን ተከናንቦ ከነፋስ ጋራ የሚታገልበት አገር ነው። በታኅሣሥ ወር ሌሊቱን ውርጭ ይወርድና ጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። የዓመቱ የቅዱስ ገብርኤል በዓል የሚውለውም በዚሁ በብርዱ ወር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ነው።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ወደ ማታ፣ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ባለፈው ዓመት ያስተማርሁት ልጅ ነው።

«ግባ፤ ብርዱ አይምታህ። ነገ ለንግሥ በጧት ትሄዳለህ አይደል?» አልሁት።

«አልሄድም፣ መምህር። ከገብርኤል ጋራ ተኳርፈናል» አለኝ።

የቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን ተውሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመፈተኑ በፊት፣ ያለፍሁ እንደ ሆነ ጥላ አስገባለሁ ብሎ ተስሎ ነበር። ጾመ፤ ጸለየ፤ አጠና። ውጤቱ ሲወጣ ግን ሳያልፍ ቀረ።

«እኔ ስለቴን ልከፍል ዝግጁ ነበርሁ፤ እርሱ ድርሻውን አላደረገም። አሁን እርስዎን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። 12 ዓመት ሙሉ ዓላማህ ምንድን ነው ሲሉኝ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው እል ነበር። ይኸ ከቀረ፣ እኔ ለምን ተፈጠርሁ?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የአንድ ልጅ ጥያቄ ብቻ እንዳይመስልህ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ሁሉ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ለዚህ የበቁት 27,267 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም 3.2 ከመቶ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ከፍ ቢል 5.4 ከመቶ ሆነ። የሕይወት ዓላማ ማለት ፈተና ማለፍ ከሆነ፣ ከመቶ ወጣት ዘጠና አምስቱን ያለ ዓላማ ወደ ቤቱ ሰደድነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሂሳብ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት አለበት። ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ በራሴ ኑሮ ውስጥ አገኘሁት።

እኔ ፈተናዬን አልፌ፣ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ደመወዝተኛ ሆኜ ወደ ዘመሮ የመጣሁ ሰው ነኝ። የመጣሁ ዕለት ግን ልቤ አብሮኝ አልመጣም። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍሁት የዝውውር ማመልከቻ በመጻፍና ቀን በመቁጠር ነው። የተማሪዎቼን ደብተር ሳላርም ሳምንታት ያልፉ ነበር። ለምን ቢሉ፣ እውነተኛው ሕይወቴ አዲስ አበባ ስገባ የሚጀምር ይመስለኝ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ ልጁ ፈተናውን ወድቆ ዓላማ አጣ፤ እኔ ፈተናውን አልፌም ዓላማ አልነበረኝም። ሁለታችንም የተሳሳትነው በአንድ ነገር ነው፤ ዓላማንና ሹመትን አንድ አደረግናቸው።

የማግሥቱ በዓል ታሪክ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን የምታስበው መልአኩ ሦስቱን ወጣቶች፣ ሠለስቱ ደቂቅን፣ ከእሳት ያወጣበትን ቀን ነው። ታሪኩን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ስለ ሰማነው ግን አስተውለነዋል ማለት አይደለም። እስቲ ትንቢተ ዳንኤልን እንደ ተማሪና እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሆነን እናንብበው።

አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ከይሁዳ ተማርከው ወደ ባቢሎን የወረዱ ልጆች ነበሩ። ብልህነታቸው ታይቶ ለቤተ መንግሥት ተመረጡና የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ 3 ዓመት እንዲማሩ ታዘዘ። ስማቸው እንኳ ሳይቀር ተለወጠ፤ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ተባሉ። ሲጨርሱ በንጉሡ ፊት ቀርበው ተፈተኑ፤ አለፉ፤ ኋላም በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ ተሾሙ። እንግዲህ በእኛ አነጋገር፣ እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ አዳሪ ተማሪዎች፣ ቀጥሎም የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ ማለት ነው።

ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ፣ ወርዱ 6 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል ባቆመ ጊዜ ለምረቃው የጠራቸው እነማንን ነው? ሹማምንትን፣ አዛዦችን፣ ዳኞችን፣ የገንዘብ ጠባቂዎችን ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ነበረ ማለት ነው። ዘፈኑ ሲሰማ ሁሉም ወደቀና ሰገደ። ሁሉም በምስሉ አምኖ ነው ለማለት አልችልም፤ ከእነዚያ ሰጋጆች ውስጥ ብዙዎቹ እንጀራቸውን ያሰቡ ይመስለኛል። ሦስቱ ግን ቆመው ቀሩ።

ንጉሡ አስጠርቶ ሲጠይቃቸው የሰጡትን መልስ ተመልከት። አምላካቸው ከእሳቱ ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ነገር ግን ሳያድናቸው ቢቀርም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨምረው አስታወቁ። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ቃል መመዘን ልማዴ ነው። የተማሪዬ ጸሎት የቆመው «ካለፍሁ» በሚል ቃል ላይ ነበር። የሦስቱ ወጣቶች እምነት የቆመው «ባያድነንም» በሚል ቃል ላይ ነው። «ካለፍሁ» ያለ ሰው ከእግዚአብሔር ጋራ ንግድ ይዟል፤ ዕቃው ያልመጣለት እንደ ሆነ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። «ባያድነንም» ያለ ሰው ግን የሚኖርለትን አስቀድሞ አግኝቷል፤ እሳቱ ሹመቱን ሊወስድበት ይችላል፤ ዓላማውን ግን ሊወስድበት አይችልም።

ሌላም ነገር አስተውል። ዓላማቸው የተጀመረው በሹመታቸው ቀን አይደለም። ገና ተማሪዎች ሳሉ የንጉሡን ማዕድ ትተው 10 ቀን ጥራጥሬ እየበሉና ውኃ እየጠጡ ተፈትነዋል። በእሳቱ ፊት ያልተንበረከከው ጉልበት የጠነከረው በተማሪ ቤት፣ በጥራጥሬው ገበታ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«እነርሱማ ዳኑ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ አነጋገር ትክክል ነው፤ ሸፋፍነን ልናልፈው አይገባም። መልአኩ እሳቱን ያላጠፋላቸውስ? እነርሱን ለማግኘት ወደ ባቢሎን መሄድ አያስፈልገንም፤ እዚሁ ሸዋ ውስጥ አሉ።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ፣ የፍቼ አገር ሰው ናቸው። በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አንዱ ነበሩ። ሹመት አልጎደለባቸውም ማለት ነው። ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከአርበኞች ጋራ ቆሙ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ባደረጉት ሙከራ ጊዜ ተያዙ፤ ለወራሪው እንዲገዙና አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠየቁ። እንቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። መልአክ መጥቶ ጥይቱን አላቆመም።

በዓመቱ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ተፈጁ። ከዚያው ከገዳሙ የተያዙት ዲያቆናት ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው በከተማዪቱ አቅራቢያ ተገደሉ። ግራዚያኒ ራሱ ባስተላለፈው መልእክት የእነዚህን ዲያቆናት ቁጥር 129 ያደርገዋል፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን በደብረ ሊባኖስ ምክንያት ያለቀው ሰው ሁሉ እርሱ ካመነው እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ዲያቆን ማለት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ ወጣት፣ ገና በመማር ላይ ያለ ነው። ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በደብረ ብርሃን ያልፋል። እኔም ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ፤ በመኪናው መስኮት የማስበው ግን ስለ ዝውውሬ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ዓላማ አልነበራቸውም ሊል የሚደፍር ማን ነው? ዕድሜያቸው አጠረ፤ ትምህርታቸው ተቋረጠ፤ የወጠኑት ሁሉ ሳይፈጸም ቀረ። ሕይወታቸው ግን ከንቱ አልሆነም። እንግዲህ በክርስትና እምነት ዓላማ ያለው ሰው ማለት ነገር ሁሉ የቀናው ሰው ማለት አይደለም። የማን እንደ ሆነና ለማን እንደ ተላከ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው።

ልጁ ይህን ከሰማ በኋላ እንደገና ጠየቀኝ። «እሺ፣ መምህር፤ እኔ ግን ሰማዕት አይደለሁም። የሚያቃጥለኝም የሚተኩስብኝም የለም። ዘመሮ ተቀምጬ ለማን ተላክሁ ልበል?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። መልሱን የሰጡት ቤት ያከራዩኝ እማማ ናቸው። እሳት ዳር ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር፤ የሚሰሙንም አልመሰለኝም ነበር። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ እንዲህ አሉት።

«ልጄ፤ እኔ ይኸን ጠጉር የምፈትለው ለማን እንደ ሆነ አላውቅም። ሸማኔው ባና ያደርገዋል፤ ነጋዴ ይገዛዋል፤ ማን እንደሚለብሰው እግዜር ነው የሚያውቅ። ክሩን አላልቼ የፈተልሁት እንደ ሆነ ግን ያ የማላውቀው ሰው ይበርደዋል።»

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። እኔም የምጨምርበት የለኝም፤ ነገር ግን ወደ አንተ ኑሮ ላምጣው።

አንተ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጀማሪ ጸሐፊ ነህ እንበል። ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ገበሬ በመስኮትህ ፊት ቆሟል። ጉዳዩ የ10 ደቂቃ ጉዳይ ነው። አንተ ግን ደመወዝህ ማነሱን፣ ዕድገትህ መዘግየቱን፣ አለቃህ አለማወቁን እያሰብህ «ነገ ና» ትለዋለህ። ለእርሱ «ነገ ና» ማለት ሌላ ሌሊት፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ የሥራ ቀን ማለት ነው። ክሩ ላልቷል፤ የማታውቀው ሰው በርዶታል። በዚያው ዕለት ማታ ደግሞ ቤትህ ገብተህ «አምላኬ ሆይ፣ የሕይወቴን ዓላማ ግለጥልኝ» ብለህ ትጸልያለህ። ዓላማህ ጧት በመስኮትህ ፊት ቆሞ ነበር፤ ነገ ና ብለህ መለስኸው።

እኔም ካንተ አልሻልም። ሳላርመው በመደርደሪያ ላይ የተከመረው ደብተር የአርባ ልጆች ብርድ ነበር።

ምናልባት ከአንባቢዎቼ አንዱ «ይኸ ሁሉ የድኻ ማጽናኛ ነው፤ ሃይማኖት ሰው ባለበት ረግቶ እንዲቀመጥ ያደርጋል» ይል ይሆናል። ይህን ነቀፋ በቀላሉ አላየውም። በእምነት ስም እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ወጣት አለ፤ ሳያጠና ጸበል ጠጥቶ ወደ ፈተና የሚገባም አለ። ነገር ግን ከላይ ያነሣኋቸውን ሰዎች ተመልከት። ሦስቱ ወጣቶች የባዕድ ቋንቋ አጥንተው ከእኩዮቻቸው በልጠው የተገኙ ሰዎች ናቸው። አቡነ ጴጥሮስም ወረራው እስኪያልፍ በገዳም ተሸሽገው መቆየት ሲቻላቸው ወደ አደጋው መጡ። እውነተኛ እምነት ሰውን ከቦታው ያነሣዋል እንጂ አያስቀምጠውም።

ሌላው ደግሞ «ያለ ክርስትናስ መልካም ዓላማ የያዘ ሰው የለም ወይ?» ይለኛል። አለ እንጂ። ሌላ ሃይማኖት ይዘው፣ ወይም ሃይማኖት አለን ሳይሉ፣ ከእኔ ይልቅ ለሰው የሚደክሙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከእነርሱ ጋራም ክርክር የለኝም። እኔ የምመሰክረው የማውቀውን ነው። ክርስቲያን፣ ሰው ሳይመረቅና ሳይሾም በፊት በእግዚአብሔር የተወደደ ነው ብሎ ያምናል። ይህን ያመነ ወጣት ክብሩን ከውጤት ወረቀት አይለምንም። ክብሩን ለመለመን የሚያጠፋው ጉልበት ለሥራ ይተርፈዋል።

አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ ለአንተም ለእኔም የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን ላስታውስህና ላብቃ።

1ኛ፤ «ምን እሆናለሁ?» ከማለትህ በፊት «ዛሬ የሚጠብቀኝ ማን ነው?» በል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ዓመታት ያስፈልጉሃል፤ የሁለተኛው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ ከጎረቤትህ አይርቅም።

2ኛ፤ ጸሎትህን መርምር። «ይኸን ከሰጠኸኝ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ አንድ ቀን «ይኸንንም ባትሰጠኝ» ብለህ ለመጸለይ ሞክር። ቃሉ ከአፍ ለመውጣት ከባድ ነው፤ እኔም ገና እየተለማመድሁት ነው።

3ኛ፤ ትልቁ ነገር እስኪመጣ ትንሹን አትናቅ። ጥራጥሬውን ያልቻለ ሰው እሳቱን አይችልም።

አሁን የልጁን መጨረሻ ትጠብቅ ይሆናል። በማግሥቱ ከንግሡ ላይ ነጭ ለብሶ ሲያጨበጭብ አየሁት ብልህ ደስ ይልህ ነበር፤ ግን አላየሁትም። ከጥምቀት በኋላ ነው እንደገና ወደ ቤቴ የመጣው። ሦስት የ7ኛ ክፍል ልጆች አስከትሎ ነበር። የጎረቤቱ ልጆች ናቸው፤ ሂሳብ ከብዷቸዋል፤ በእርሱ ቤት መብራት ስለሌለ ማታ ማታ በእኔ ጠረጴዛ ሊያስተምራቸው እንድፈቅድለት ጠየቀኝ። እርሱም በግል ለመፈተን እንደገና ማጥናት ጀምሯል። ልጆቹን ሲያስረዳ ሰማሁት፤ እኔ በክፍል ውስጥ ከማስረዳው ይሻላል።

ሲወጣ በር ላይ ይዤ «ከገብርኤልስ ጋራ ታረቃችሁ ወይ?» አልሁት።

«ገና ነን፣ መምህር። ግን መነጋገር ጀምረናል» አለኝ።

እኔም እውነቱን ልንገርህ፤ የዝውውር ማመልከቻዬን አልቀደድሁትም፤ በመሳቢያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ይፈቀድልኝና እሄድ ይሆናል፤ መሄድም ኃጢአት አይደለም። ቀን መቁጠሬን ግን ትቻለሁ። ዛሬ ማታ 40 ደብተር አለብኝ፤ ልጆቹም ጠረጴዛውን ከመያዛቸው በፊት ልጀምር።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብት።